ከአቃቂ ወንዝ እስከ ዓባይ ግድብ፤ «መብራት ኃይል» ኃይልን ያመረተበትና የቆጠበበት ታሪክ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ዛሬም «መብራት ኃይል» ብሎ ይጠራዋል። መሥሪያ ቤቱ ግን ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጧል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ፤ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኃይል አመንጪውና ኃይል አከፋፋዩ ተለያይተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተባሉ ሁለት ድርጅቶች ሆኑ። ሕዝቡ ግን የፊተኛውን ስም አልተወም። በዚህም ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡ በሚያውቀው ስም ይጠራል። ዓመታቱም ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ ዓላማ የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ለማቅረብ አይደለም። የተነሣበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ከጥንት ጀምሮ አብዛኛውን ኃይሉን ከወንዝ ሲቀዳ የኖረ፣ ዛሬ ዓለም «ታዳሽ ኃይል» እያለ የሚያወድሰውን ነገር ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ብቻ የያዘ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ቁጠባ ማሰብ የጀመረው መቼና ስለ ምን ነው የሚል ነው። በብዙ አገሮች ቁጠባ የመጣው ከነዳጅ መወደድ ጋር ነው። በእኛ አገር የመጣው ከዝናብ መጥፋት ጋር ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም በኋላ እንደምናየው ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ብርሃን የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ዘመኑም 1890 ዓ.ም. ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። ብርሃኑ የመጣው ከአንድ አነስተኛ ጄኔሬተር ነበር። ቀጥሎም በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለና በከተማው ውስጥ ለተቋቋሙት ጥቂት ፋብሪካዎች፣ ኋላም በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ላሉት መንገዶችና የሕዝብ ቦታዎች ኃይል መስጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የጂቡቲው ባቡር ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከባሕር በር የሚመጣው ጭነት ሁሉ ሐዲዱ ካለቀበት ጀምሮ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ ስለ ነበረ፣ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ለከተማው የሚመች አልነበረም። የከተማው ማገዶም ቢሆን ባሕር ዛፍ ተተክሎ እስኪደርስ ድረስ ያስጨንቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ወንዙ መሄድ የችግር ውሳኔ ነበር እንጂ ወንዝን ከነዳጅ አብልጦ የመውደድ ነገር አልነበረም።

በኢጣልያ ወረራ ዓመታት የኤሌክትሪኩ ሥራ ኮኒኤል በተባለ የኢጣልያ ኩባንያ እጅ ገባ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ የተሠራው በዚህ ዘመን ነው። ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ሲሆን፣ ይህ መጠን በዛሬ ዓይን እጅግ ትንሽ ቢመስልም ለጊዜው ከተማ ብዙ ነበር። አባ ሳሙኤል ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው በትልቅነቱ ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ደለልና ቆሻሻ ወደ ሐይቁ ይገባ ጀመር፤ እምቦጭም ሸፈነው፤ ጥገናውም ተጓደለ። በመጨረሻ ማመንጫው ቆሞ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እንደ ሙት ከቆየ በኋላ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ እንደ ገና 6.6 ሜጋዋቱን መስጠት ጀመረ። ውሃ ታዳሽ ነው ስንል ግድቡም ታዳሽ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ከአባ ሳሙኤል የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ጠላት ከወጣ በኋላ የኤሌክትሪኩ ሥራ በመጀመሪያ የጠላት ንብረት አስተዳዳሪ በተባለው መሥሪያ ቤት ሥር ቆየ፤ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባል ድርጅት ሆነ፤ ከዚያም ከላይ እንደ ተገለጸው በ1948 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተባለ። የዚህን ባለሥልጣን መሠረት የጣለው ሥራ ቆቃ ነው። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በ1948 ዓ.ም. ሲስማሙ ገንዘቡ ወደ 16 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ በዚያው ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43.2 ሜጋዋት ሲሆን ከአባ ሳሙኤል ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። ግድቡ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተሰየመ። ሐይቁ በሸፈነው ሜዳ ከብቶቻቸውን ያሰማሩ የነበሩት የጂሌ ኦሮሞዎች ግን መሬታቸውን አጡ። ስለ ቆቃ በተጻፉት የምስጋና ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው የሜጋዋቱ ቁጥር ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ነገር የሚገኘው በጎን ነው። በኋላም በፊንጫ የጮመን ረግረግ ወደ ሐይቅ ሲለወጥ በዳርቻው የነበሩ ገበሬዎች ላይ ይኸው ደረሰ።

ቆቃ ለቁጠባ ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት በሌላ በኩል ነው። ከቆቃ የሚለቀቀው ውሃ በዚያው በአዋሽ ወንዝ ላይ ወደ ታች ሲወርድ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው አዋሽ ሁለት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው አዋሽ ሦስት ይቀበሉታል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ናቸው። የራሳቸው ትልቅ ሐይቅ የላቸውም፤ ቆቃ ያጠራቀመውን ውሃ በየተራ ይጠቀሙበታል። ይህም ማለት አንዱ ውሃ ወደ ታች ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ከመድረሱ በፊት ሦስት ጊዜ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ይህን «ቁጠባ» ብለው አልጠሩትም፤ ነገር ግን መብራት ኃይል በታሪኩ ካደረጋቸው ቁጠባዎች ሁሉ ትልቁና ጸንቶ የቆየው ይህ ይመስለኛል። ደካማው ጎን ደግሞ ይኸው ነው፤ ቆቃ በደለል ሲሞላ ሦስቱም ማመንጫዎች አብረው ይጎዳሉ። ከላይኛው አዋሽ የሚታጠበው የእርሻ አፈር ከሐይቁ የመያዝ አቅም ብዙውን ክፍል እየወሰደ መሄዱ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። በሸዋ ኮረብታ ላይ የሚሠራ እርከን እንግዲህ የገበሬው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመብራት ኃይልም ጉዳይ ነው።

ይህ አንድን ውሃ ደጋግሞ የመጠቀም ዘዴ በኋላ በግልገል ጊቤ ተደግሟል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ (184 ሜጋዋት) የሚለቀውን ውሃ፣ 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርደው ግልገል ጊቤ ሁለት ነው። ይህ ማመንጫ የራሱ ትልቅ ግድብ ሳይኖረው 420 ሜጋዋት ይሰጣል፤ ማለትም ውሃውን ካጠራቀመው ከፊተኛው ከእጥፍ በላይ ነው። ዋሻው በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በከፊል ተደረመሰና እንደ ገና ሥራ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ጥሩ መሆኑና ሥራው በጥድፊያ መመረቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ ይለይልን።

በጣና ሐይቅም የተደረገው በዓይነቱ ተመሳሳይ ነው። ጢስ ዓባይ አንድ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቶ ለባሕር ዳር ከተማና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ኃይል ሰጠ፤ በ1993 ዓ.ም. ገደማ 73 ሜጋዋት ያለው ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ። ሁለቱም የፏፏቴውን ውሃ ይሻማሉ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል፤ ኃይሉም 460 ሜጋዋት ነው። በበለስ በኩል ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ከጢስ ዓባይ ብዙ ስለሚበልጥ አንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በመሐንዲስ ሂሳብ ነገሩ አያከራክርም። በጢስ ዓባይ መንደር ለሚኖረውና ከጎብኚ በሚገኘው ገቢ ለሚተዳደረው ሰው ግን ያ «የሚያጓራው» ፏፏቴ በብዙ ወራት ቀጥኖ መታየቱ በሜጋዋት የማይቈጠር ኪሣራ ነው። ነባሮቹ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም የመጠባበቂያነት ደረጃ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ከዋናው መስመር ውጭ ስለ ነበሩት ከተሞች ብዙ መናገር አያስፈልግም። እነርሱ ለብዙ ዘመን የኖሩት በናፍጣ ሞተር ነው፤ መብራቱም በምሽት ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ ይበራ ነበር። በመቱ አጠገብ ሶር፣ በሚዛን አካባቢ ደምቢ፣ በባሌ ያዶት የተባሉት ትናንሽ የውሃ ማመንጫዎች ይህን ናፍጣ ለመተካት የተሠሩ ናቸው። ዋናው መስመር እየተዘረጋ ሲሄድ የናፍጣው ሞተር ከአብዛኞቹ ከተሞች ወጣ። ዛሬ ከዋናው መስመር ላይ ከሚመነጨው ኃይል ከመቶ 90 እጅ በላይ የውሃ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራው ፊንጫ (መጀመሪያ 100 ሜጋዋት) እና በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1980 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው መልካ ዋከና (153 ሜጋዋት) በዚያው በውሃ መንገድ የሄዱ ናቸው። ከውሃ የወጣው የመጀመሪያው ሙከራ አሉቶ ላንጋኖ ነው። በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ ላይ በ1970ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ አንዳንዶቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። እንፋሎቱ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሰባት ሜጋዋት ያህል የሚያመነጨው አነስተኛ ጣቢያ የተሠራው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1990ዎቹ መግቢያ ሲሆን፣ እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጉድጓዶቹና በመሣሪያው ችግር ቆሞ፣ በከፊል ተጠግኖ፣ እንደ ገና ተሰናክሏል። በስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጠ አገር፣ ዝናብ ቢመጣ ባይመጣ የማይቀንሰውን የምድር እንፋሎት ይህን ያህል ዘመን ችላ ማለቱ የሚያስገርም ነው። የቁፋሮው ወጪ ቀድሞ መከፈል አለበት፤ ደረቅ ጉድጓድ ቢወጣም ገንዘቡ አይመለስም፤ ግድብ ግን ሁሉም ያየዋል። ምክንያቱ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። አንድ አገር ኃይሉን ሁሉ ከዝናብ ሲያገኝ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር መብራቱም ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ሐይቆቹ ጐደሉና ኤሌክትሪክ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ ይቋረጥ ጀመር። በ2001 ዓ.ም. የባሰ መጣ፤ የከተማው ሰፈሮች በየተራ ጨለማ ሲሆኑ ፋብሪካዎች ሥራ ፈቱ፤ መሥሪያ ቤቱም የናፍጣ ጄኔሬተሮችን በኪራይ አስመጣ። ከነዳጅ ነፃ የነበረው መሥሪያ ቤት በአንድ ደረቅ ዓመት ከማንም ይልቅ ውድ የሆነውን ኃይል ገዢ ሆነ። ቁጠባም በመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ውስጥ በግልጽ የገባው በዚህ ጭንቀት ጊዜ ነው።

የተመረጠው መንገድ አምፖል ነበር። በዓለም ባንክ ገንዘብ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ተገዝተው፣ ባለ ሽቦውን ነባር አምፖል ለሚመልስ ደንበኛ ያለ ዋጋ እንዲሰጡ ተደረገ። የመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖል ነበር፤ ዕቅዱ በጠቅላላው እስከ አምስት ሚሊዮን ይደርሳል። ሂሳቡን እዚሁ መሥራት ይቻላል። 60 ዋት የሚበላ ነባር አምፖል በ11 ዋት ቢተካ ብርሃኑ ሳይቀንስ 49 ዋት ይተርፋል። ይህ በ350,000 ሲባዛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢበሩ፣ 17 ሜጋዋት ያህል ይሆናል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበሩ በኋላ በዓለም ባንክ ባለሙያዎች የተደረገው ጥናት ትርፉን 13.3 ሜጋዋት አድርጎ ገምቶታል። ይህ ሁለት አባ ሳሙኤል ነው። ግድብ ሳይሠራ፣ ማንም ከመሬቱ ሳይነሣ፣ ደለል የማይሞላው ሁለት አባ ሳሙኤል በየቤቱ ጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ ማለት ነው። የድኾቹ ቤቶች ከፍጆታቸው ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ መጠቀማቸውን ያው ጥናት ይናገራል።

ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ያሳያል፤ አምፖሉ ከታደለ በ18 ወራት ውስጥ ከትርፉ ከመቶ 20 እጅ ያህሉ ጠፍቷል። ለምን ቢሉ ምክንያቱን በየቤቱ ማየት አያዳግትም። ሒሳቡ ሲቀልለት ሰው ቀድሞ ያጠፋው የነበረውን የበረንዳ መብራት ያሳድራል፤ የተበላሸውን ቆጣቢ አምፖል ከሱቅ ሲተካ ርካሹን ባለ ሽቦ ይገዛል፤ ወይም ሬዲዮ ባለበት ቤት ቴሌቪዥን ይገባል። ይህን በመውቀስ የሚጽፉ አሉ። እኔ ግን የምወቅሰው ሰውየውን አይደለም። ቀድሞ በቂ ብርሃን ያልነበረው ቤት ትንሽ ተጨማሪ ብርሃን ቢወስድ ያ ብክነት ሳይሆን የተጠራቀመ ፍላጎት ነው። ወቀሳ የሚገባው፣ ስጦታው አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ በየሱቁ የሚሸጠው አምፖል ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ወዲያው አለመደንገጉ ነው። የኢነርጂ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 810 ተቋቁሞ የኃይል ቁጠባን ጉዳይ በሕግ የያዘው በ2006 ዓ.ም. ነው።

ከአምፖል በላይ ግን ትልቁ ነገር ምጣድ ነው፤ በሌላ አገር መጻሕፍት ውስጥም መልስ የማይገኝለት የራሳችን ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 11 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ማብራት ማለት ነው። አንዱን ምጣድ በ3.5 ኪሎዋት ብንይዘው፣ የቆቃ ጠቅላላ ኃይል የሚበቃው ለ12,300 ምጣድ ብቻ ነው። በዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ ስንት ቤት በአንድ ሰዓት ሊጥ ያወጣል? ትራንስፎርመሩ በበዓል ዋዜማ ቢያቃጥል ማን ይገረማል? መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በበዓላት ሰሞን፣ ምጣድና ምድጃ ከምሽቱ ሰዓት ውጭ እንዲሠራባቸው ደንበኞቹን የሚለምነው ስለዚህ ነው።

የምጣዱ አሠራር ራሱ ለብክነት የተመቸ ነው። ወፍራም የሸክላ ሰሌዳ ከሥሩ እየተቦረቦረ ጥምዝ ሽቦ ይቀበርበታል፤ ሽቦው በመጀመሪያ ሸክላውን ያሞቃል፤ ሸክላው ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ብዙ ኃይል ይጠፋል፤ ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ነገር ካልተደረገለትም ግማሹ ሙቀት ወደ ታች ይሸሻል። ይህን ከመሐንዲስ በፊት የሚያውቁት ጋጋሪዎቹ ናቸው። ሊጡን አጠራቅመው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚጋግሩት፣ አክንባሎውን ሳያስፈልግ የማያነሡት፣ መጨረሻ ላይ ሽቦውን አጥፍተው በቀረው ግለት ሁለት እንጀራ የሚያወጡት ለዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የቁጠባ ማስታወቂያ ስለ አምፖል ብዙ ሲናገር ስለነዚህ ሴቶች ዘዴ ያለው ጥቂት ነው። ሰሌዳውን ማሳሳት፣ ከሥሩ ጄሶ ወይም ሌላ ሙቀት ያዥ ማድረግ፣ ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መግጠም፤ እነዚህ ሁሉ ተሞክረው የሠሩ ናቸው። ችግሩ ምጣዱ በትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በየሰፈሩ ሠሪ የሚሠራ፣ ገዢውም የሚያየው ዋጋውን እንጂ የሽቦውን ፍጆታ አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ምጣዱ ኤሌክትሪክ ቢበላም የተካው እንጨትን ነው። ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከኤሌክትሪክ መሥመሩ ብቻ የሚያይ ሰው ምጣዱን ባለ ዕዳ ያደርገዋል፤ ከጫካው በኩል የሚያይ ግን ያመሰግነዋል።

የውሃው ጥገኝነት አደጋ መሆኑ ከታየ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ነፋስ ዞረ። በአዳማ አጠገብ በ51 ሜጋዋት የተጀመረው አዳማ አንድ፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ የተመረቀው አሸጎዳ (120 ሜጋዋት፣ 84 ተርባይን)፣ በ2007 ዓ.ም. የተጨመረው አዳማ ሁለት (153 ሜጋዋት፣ 102 ተርባይን) በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተከሉ። የነፋሱ ጥቅም በመጠኑ ብቻ አይለካም። በአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ሐይቆቹ በሚጐድሉበት ጊዜ ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ ነፋሱ ይደክማል፤ ግድቡ ደግሞ ይሞላል። በበጋ ነፋሱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በሐይቁ ውስጥ የሚቀር ውሃ ነው። አሸጎዳ ግን በትግራይ በተደረገው ጦርነት (2013–2015 ዓ.ም.) ሥራው ተስተጓጉሏል፤ ነፋስ ለድርቅ መድኃኒት ይሁን እንጂ ለጦርነት አይሆንም። በአዲስ አበባ ረጲ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱበት ስፍራ አጠገብ፣ ቆሻሻን እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጭ ባለ 25 ሜጋዋት ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ዋናነቱን አልለቀቀም። ቁመቱ 243 ሜትር የሆነውና 1,870 ሜጋዋት ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በኦሞ ወንዝ ሙላት ዳር ዳር ዘርተው ለሚኖሩት ሕዝቦች የሙላቱ መቅረት ያስከተለው ጉዳት ብዙ አከራክሯል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን በግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ወር የጊቤ ሦስት ሐይቅ ስለ ጐደለ 476 ሜጋዋት ጉድለት መኖሩን መንግሥት አስታወቀ፤ ፈረቃው ተመልሶ መጣ፤ ለሱዳን የሚሸጠውም ኃይል ተቋረጠ። የአገሪቱ ማመንጫዎች አቅም በወረቀት ላይ በብዙ እጥፍ አድጎ ሳለ የ1995 ዓ.ም. ታሪክ ራሱን መድገሙ፣ በተርባይኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በሐይቁ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል የሰጠውና በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲኖረው፣ ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሐይቅ አንዱን ክፉ ዓመት በሌላው ደግ ዓመት ማሳለፍ የሚችል በመሆኑ፣ ከዚህ በፊት የነበሩት ግድቦች ያልነበራቸውን ትከሻ ይሰጣል።

ነገር ግን ግድብ ያመነጨው ሁሉ ከቤት አይደርስም። በመንገድ ላይ፣ በረጅም መሥመር፣ ከአቅሙ በላይ በተጫነ ትራንስፎርመር፣ ያለ ቆጣሪ በሚቀጠል ሽቦ የሚጠፋው ኃይል ለብዙ ዓመታት ከጠቅላላው አምስተኛውን ያህል ይሆናል ተብሎ ሲገመት ቆይቷል። ከአሮጌ መሥመር የሚድን ኃይል እንደ አምፖሉ ሁሉ ግድብ የማይፈልግ ኃይል ነው፤ ሪባን ግን የሚቈረጥለት የለም።

ዋጋውም የቁጠባ አንዱ መሣሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይለወጥ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. ለውጥ ሲደረግ፣ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ የሚጠቀም ቤት በነባሩ ዋጋ፣ በኪሎዋት ሰዓት 0.273 ብር፣ እንዲቀጥል ተደርጎ፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው እንዲወጣ ተወሰነ። የዚህ ደንብ ሐሳብ ድኻውን ጠብቆ አባካኙን ማስከፈል ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ግን አምስትና ስድስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር፣ እያንዳንዱ ቤት በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም እንኳ ቆጣሪው ከ200 በላይ ይጽፋል፤ ሒሳቡም የሚወጣው እንደ ባለጸጋ ቤት ነው። ተጨማሪ ቆጣሪ የጠየቀ ሰው የሚጠብቀው ተራ ረጅም ስለሆነ ተከራዮቹ ገንዘቡን በአምፖል ቁጥርና በቤተሰብ ብዛት ይካፈሉታል፤ አከራዮችም ብዙ ጊዜ ምጣድ የሚጣድበትን ቀን ለእያንዳንዱ ቤት ለይተው ይሰጣሉ፤ ለአንዱ ማክሰኞ፣ ለአንዱ ዐርብ።